ወሬ ከማን ትሰማላችሁ?

የሰፈራችንን ፀጉር አስተካካይ ሁላችንም «ሬዲዮ» ነበር የምንለው። ያለው አንድ ወንበርና አንድ የተሰነጠቀ መስታወት ነው፤ ወሬ ግን ሞልቶታል። ግማሹ ቀልድ ነው። አንድ ጊዜ «ከእንግዲህ መቃብር በወረፋ ነው» ቢል አንድ ሽማግሌ አምነውት ሊመዘገቡ ወጥተው ነበር። ሳምንት ሙሉ ሳቅን።

አምና ከጤና ቢሮ የመጣች ልጅ በየቤቱ እየዞረች አንድ ነገር ጠየቀች፦ «ወሬ ቶሎ የምትሰሙት ከማን ነው?» ችግር ሲመጣ መልእክት የሚያዳርሱ ሰዎች ልትመርጥ ነው። ሁላችንም ሬዲዮን ጠራን። እኔም ጠርቻለሁ። ማንን ታምናላችሁ አላለችንም፤ እኛም አላሰብነው።

መረጡትና አንገቱ ላይ የሚንጠለጠል ባጅ ሰጡት። ሲሠራም አያወልቀውም ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮው ደወለለት። የሰፈሩ የቧንቧ ውሃ ከፍሳሽ ጋር ተቀላቅሏል፤ ሳይፈላ እንዳይጠጣ። የደንበኛውን ፀጉር ግማሹን ቆርጦ ጥሎት ወጣ። እስከ ምሳ ሰዓት ያልሰማ ቤት አልነበረም።

«ውሃው ተበክሏል! አፍልታችሁ ጠጡ!»

«ሬዲዮ፣ የመቃብሩ ወረፋስ የት ደረሰ?» አለው መካኒኩ ከመኪና ሥር።

«እናቴ ትሙት፣ ቀልድ አይደለም!»

«እናትህ ስንቴ ይሙቱ?»

እኔ የራሴን አፈላሁ። ለጎረቤት ግን አልተናገርኩም። ሬዲዮ ነግሯቸው የለም እንዴ ብዬ።

በመጨረሻ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ጋ ሄደ። ልብስ እያጠበች ነበር።

«እታለም፣ በፈጠረሽ ከዚህ ውሃ እንዳትጠጪ።»

«ደሞ ዛሬ ምን አመጣህ?» ብላ ሳቀች። ገና ሳሙና ካልነካው ባልዲ በኩባያ ቀድታ እፊቱ ግማሹን ጠጣችው። «ይኸው ጠጣሁ። ሞትኩ?»

ሊነጥቃት ሲታገል የቀረው ባጁ ላይ ፈሰሰ። እሷ የጨዋታው አካል መስሏት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ሐሙስ ጤና ጣቢያው በሰው ተጨናነቀ፤ ወለሉ ላይ ሳይቀር ተኝተው ነበር። እህቱ ቅዳሜ ጠዋት አረፈች።

በዚያው ጠዋት ሬዲዮ በሬን አንኳኳ። ባጁን አውልቆታል።

«ለአጎታችን ደውዬ ነገርኩት» አለኝ። «"አንተ ደሞ በዚህም ትቀልዳለህ?" ብሎ ዘጋብኝ።»

ወንበር ሳብኩለት፤ አልተቀመጠም።

«አንተ አርዳልኝ። ብዙ አታወራም፤ አንተን ያምኑሃል።»

ሰው ቤት ገብቼ መናገር የሚከብደኝ ሰው ነኝ። ሆኖም ሄድኩ። አሥራ አንድ ቤት አንኳኳሁ። ሁሉም ወዲያው አመኑኝ።