ፎቅ የሌለበት ከተማ

ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ በሞላበት በትውልድ ከተማው ሰው ሁሉ «ሽቅብ» እያለ ይጠራው ነበር፤ አሳንሰር ጠጋኝ ነበርና። ሰው ሁለት ፎቅ መሀል ተቀርቅሮ ሲጮህ «አይዞን፣ ደረስኩ!» የሚለው የእሱ ድምፅ ነው።

ሚስቱ አዋላጅ ናት። ታዲያ አንድ የሩቅ አገር መንግሥት፣ ወጣቱ እየጣለው ለሚነጉደው የዳር ክልሉ ባለሙያ ለመሳብ አዲስ ደንብ አወጣ፤ እዚያ ሦስት ዓመት የሠራ ከነቤተሰቡ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኛል ተባለ። አዋላጅ በጣም ተፈለገች። አሳንሰር ጠጋኝን የጠየቀ የለም።

«አንተ በምን ሙያህ ልትሄድ ነው?» ብለው ጓደኞቹ ሳቁበት።

«በባልነት!» አላቸው።

ደረሱ። ሽቅብ ከአውቶቡስ ወርዶ ቢያይ ከጣሪያዎቹ በላይ ሰማይ ብቻ ነው። የከተማዋ ረጅሙ ሕንፃ ባለ አንድ ፎቁ ማዘጋጃ ቤት ነበር፤ እሱም ደረጃ አለው። እህል መጋዘን ተቀጥሮ ጆንያ መደርደር ጀመረ። ሥራውን አልናቀም፤ ናፍቆቱን ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው።

ቅዳሜ ሲሆን «ጫማ ልይ» እያለ በአውቶቡስ ወደ ሩቁ ትልቅ ከተማ ይሄዳል፤ ባዶ እጁን ይመለሳል።

«ምን ዓይነት ጫማ ነው፣ ሲታይ ዓመት የሚፈጀው?» አለችና ሚስቱ አንድ ቅዳሜ አብራው ተሳፈረች።

አፍሮ አቀርቅሮ ወደ አንድ የገበያ ሕንፃ ይዟት ገባ። አሳንሰር ውስጥ ቆሙ። ወጡ፣ ወረዱ፣ ደግመው ወጡ። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

«በቃ፣ ይሄ ነው?»

«ይሄው ነው። ሲያቃስት ስሰማው እጄን ይበላኛል።»

«እኔ እኮ ሴት መስላኝ ስንት ቀን ተብሰለሰልኩ! ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር፣ ተጣልቼ ይወጣልኛል። ከብረት ጋር እንዴት ልጣላ?» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሦስቱ ዓመት ሞልቶ ፈቃዱ ሲመጣ «አንተ የምትለው ይሁን፤ ትልቅ ከተማ እንግባ ካልክ ዕቃ ልሸክፍ» አለችው።

በማግስቱ ገበያ ሲሄዱ መንገዱ አልገፋ አላቸው። በየደጁ ሚስቱ ያዋለደቻቸው እናቶች ይወጣሉ፤ አንዷ ልጇን ታሳቅፋታለች፣ ሌላዋ ትስማታለች። አንዲት ነፍሰ ጡር እጇን ጨብጣ «እትዬ፣ ሊሄዱ ነው አሉ? ታዲያ እኔ ምጤን ይዤ የት ልግባ?» ስትላት ሚስቱ ሆዷን ዳበስ አደረገችላት። ሽቅብ የሚስቱን ፊት አየው። በአገራቸው ሳለች እንዲህ የሳሳላት ሰው አልነበረም።

«እንቆያለን፤ አትስጊ» ብሎ ለነፍሰ ጡሯ እሱ መለሰላት።

ቆዩም። ዛሬ የመጋዘኑ ኃላፊ ነው፤ ጎረቤቱም ይወደዋል። ብቻ የድሮ የሥራ ባልደረባው ከአገር ቤት ሲደውልለት፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «እስቲ ስልኩን ወደ አሳንሰሩ ሞተር አስጠጋልኝ» ይለዋል። ባልደረባውም ያስጠጋለታል፤ እስኪጠግብ ድረስም ይጠብቀዋል።