ጠጠር የሚበላው ቤት

እልፍነሽ ባጫ ቤቷን በየዓመቱ ታበላው ነበር። ሌላ ሰው ክረምት ሲመጣ ቆርቆሮ ያስጠግናል፣ ቦይ ይጠርጋል። እሷ ግን ዝናቡ ሊጀምር ሲል ጎረቤት ገበያ የሚወጣበትን ሰዓት ጠብቃ ወደ ጓሮ ትዞራለች፤ ከሳሎኑ ማዕዘን ሥር ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ታነሳና በባልዲ ጠጠር ትገለብጣለች። የጉድጓዱ አፍ ከድስት ክዳን አይሰፋም። ሆዱ ግን አይጠግብም። ዝናቡ ሲያባራ ሄዳ ስታየው ያ ሁሉ ጠጠር የለም።

ይህን ልማድ ያስጀመራት ዲዳ የሚባለው ባሏ ነው። ዲዳ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ቤቱን ያቆመው ራሱ ድንጋይ እያመላለሰ፣ ከግንበኛው ጋር እየተጨቃጨቀ ነው። በገቡበት ዓመት ክረምት ጎርፍ ግቢውን ሞላው። ዲዳ አካፋ ይዞ ሲወጣ፣ ውሃው ወደ ግቢው በር መውረድ ሲገባው ወደ ቤቱ ማዕዘን እየተሽከረከረ ሲገባ አየ። ውሃው ገባ፣ አልወጣም። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር ይሰማል፤ የወለንጪቲ ገበሬ እርሻዬ በአንድ ጎርፍ ለሁለት ተሰነጠቀ ቢል ማንም አይገረምም። ግን እርሻ ሌላ፣ ሳሎን ሌላ።

«ይደፈናል» አለ ዲዳ። «ሁለት ቢያጆ ጠጠር ነው። ለሰው እንዳታወሪ፤ ቤት አንዴ ስም ከወጣለት አለቀለት።»

ሁለቱ መኪና ጠጠር ወርዶ አለቀ፤ ሌላም ተከተለው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እልፍነሽ ግን የጸሎት ሴት ናት፣ ብቅል የነካው ነገር በደጇ አልፎ አያውቅም፤ ስለዚህ የሆዷ ነገር ሆዷ ውስጥ ቀረ። ዲዳ ከሞተ በኋላም አካፋውንና ዝምታውን ወርሳ ቀጠለች።

ያንን ዝምታ የነቀነቀው ከአዋሽ በኩል የመጣው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ቤቷ ባለበት አዳማ ላይ ብርጭቆ ከማንኳኳት አላለፈም ተባለ። እልፍነሽ ሳሎን ውስጥ ግን ከወለሉ ተነስቶ እስከ መስኮቱ የሚደርስ ስንጥቅ ወጣ። ትልቁን የጥቅስ ሰሌዳ ሰቀለችበት። እንግዳ ሁሉ ጥቅሱን አንብቦ «አሜን» ይላል፤ እሷ ከሰሌዳው በታች ብቅ ያለችውን ቀጭን መስመር ታያለች። ከዚያ ወዲህ በሳሎኗ ስትራመድ እግሯን ቀስ አድርጋ ማሳረፍ ጀመረች። የገዛ ቤቷን ፈራችው።

ስለዚህ ለመሸጥ ወሰነች። ሞጆ ውስጥ፣ ልጇ ሶረቲ አጠገብ፣ ጠባብ ግን ደረቅ መሬት ላይ የቆመች ቤት አይታለች። ይህ ቤት ከተሸጠ ቀሪ ዘመኗን የልጅ ልጆቿን እያየች ታሳልፋለች፤ ካልተሸጠ ሌላ ክረምት ከጉድጓዱ ጋር ነው።

ገዢ አልጠፋም። ማናሴ የሚባል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የሰው ዕቃ በማስለቀቅ የሚተዳደር ወጣት መጣ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያመልኩት። ሽማግሌው ጋሽ ብዙነህ መካከላቸው ተቀምጠው አስማሟቸው፣ ጸለዩ፣ እጅ ተጨባበጡ። በእነሱ ዘንድ መሐላ የሚባል ነገር የለም፤ ያመነ ሰው አዎ ካለ አዎ ነው፣ የለም ካለ የለም ነው። ሲለያዩ የማናሴ ሚስት ሶፊ እልፍነሽን እቅፍ አድርጋ «እትዬ፣ ሳሎኑን አጸደ ሕፃናት ላደርገው ነው። ቤትዎ በልጆች ድምፅ ሊሞላ ነው» አለቻት። እልፍነሽ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ጉድጓዱ እስካሁን ሞልቶ ይሆናል» አለች ለራሷ። ሰው ራሱን ሲያታልል ምስክር አይጠራም።

ዕቃዋን ጠቅልላ፣ አልጋዋን ሳይቀር ሞጆ ሶረቲ ጋ ልካ፣ ቁልፍ ማስረከብ ብቻ ሲቀራት ማናሴ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባንኩ ቤቱ አሮጌ ስለሆነ መሐንዲስ መሠረቱን ሳያየው ብድር አልሰጥም አለ።»

«አሁን? ከተጸለየ በኋላ?»

«ለእኔም የነገሩኝ አሁን ነው።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው» አለች እልፍነሽ። «እኔን አጭበርባሪ አደረጋችሁኝ ማለት ነው?» ቁጣዋ እውነተኛ ነበር። ከቁጣው ሥር ግን ፍርሃት ነበር።

ለሶረቲ ስልክ ደውላ ብታማርር፣ ልጅቷ «እማዬ፣ ዛሬ ሁሉም ቤት ይታያል እኮ። ምን አስጨነቀሽ?» አለቻት። «ምንም» ብላ ዘጋችው።

በማግስቱ ለቤቱ የመጨረሻውን ምግብ ሰጠችው። ጠጠሩን እስከ አፉ ሞላች፣ በላዩ ሲሚንቶ ለሰነች፣ አዲስነቱ እንዳይታወቅ አመድ ነሰነሰችበት፣ በመጨረሻም አበባ የተተከለበትን ግማሽ በርሜል ጎትታ አስቀመጠችበት። ስንጥቁን በጄሶ ሞልታ ሰሌዳውን መልሳ ሰቀለች። ሥራ ላይ ሳለች እንደ ልማዷ መዝሙር ታንጎራጉር ነበር። የመዝሙሩን ቃል ልብ ስትለው አፏን ዘጋች።

መሐንዲሷ ሃዊ ትባላለች፤ ገና ወጣት፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ የአዳማ ልጅ። «አካም ጂርቱ፣ አዴ?» ብላ፣ እንደ እናት እየጠራቻት፣ ሁለት እጇን ዘርግታ በኦሮምኛ ሰላም አለቻት። እልፍነሽም «ፈያ፣ ኢንተለ ኮ፤ ደህና ነኝ ልጄ» አለቻት። ሃዊ ግድግዳውን በመዶሻ እያንኳኳች ዞረች፣ ወለሉ ላይ ውሃ ልክ አስቀመጠች፣ ጎንበስ ብላ አየችው። «ወለሉ ወደዚህ ጥግ ያዘነብላል» አለች። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ማናሴና ጋሽ ብዙነህም ተከተሏት። በቀጥታ ሄዳ አበባው አጠገብ ቆመች።

«እዚህ ጋ ትንሽ ቆፍሬ ማየት አለብኝ። አዴ፣ ከመሠረቱ ሥር የሚያውቁት ነገር አለ? የድሮ ጉድጓድ፣ ውሃ የሚሰርግበት ቦታ?»

ሁሉም ወደ እልፍነሽ ዞሩ። የሶፊን እቅፍ አስታወሰች፤ ሞጆ የቀደማትን አልጋም አስታወሰች።

«የለም» አለች።

ሃዊ ዲጂኖ እንዲያቀብሏት እጇን ስትዘረጋ ጋሽ ብዙነህ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «በቃ! እህት እልፍነሽ የለም ካለች የለም ነው። ይህን ያህል ዘመን ያመንናትን ሴት ዛሬ በዲጂኖ ልናረጋግጣት ነው? ማናሴ፣ አታፍርም?» ማናሴ አፈረ። ሃዊም ሽበታቸውን አከበረችና መዶሻዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከላይ የሚታይ ጉዳት የለም ብላ ጻፈች፤ ባንኩም እሺ አለ። እልፍነሽ የፈለገችው ሁሉ ሆነላት። ግቢው ውስጥ ብቻዋን ስትቀር በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

ቁልፍ የምታስረክብበት ዕለት የዓመቱ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ዘንቦ ነበር። ሶፊ ቸኩላ ቀድማ መጣች፤ ባለ ቀለም ትንንሽ ወንበሮች አስጭና፣ ሴት ልጇን ሱሃይላን ይዛ። ሶፊ ወንበሮቹን ስትደረድር ሱሃይላ ኳሷን ወለሉ ላይ ታስቀምጣለች፤ ኳሷ ብቻዋን እየተንከባለለች ወደ ጥጉ ትሄዳለች። ታመጣታለች፤ ደግሞ ትሄዳለች። «ቤቱ ይጫወታል!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ጥጉ ላይ በሆዷ ተኛችና ጆሮዋን ከሲሚንቶው ላይ ለጠፈች።

«እማዬ፣ ከሥር ውሃ ይሄዳል።»

«የሰፈር ቧንቧ ነው የኔ ቆንጆ» አለች ሶፊ ዞር ሳትል።

እልፍነሽ ግን ታውቃለች። በዚያ ጥግ ቧንቧ አልፎ አያውቅም። ሄዳ ልጅቷን ከወለሉ ላይ አነሳቻት። «ሶፊ፣ ልጅሽን አስወጪ። ከቤቱ ሥር ባዶ ነው። ዋሽቻችኋለሁ።»

ማናሴና ጋሽ ብዙነህ በዚያው ቅጽበት በሩን አልፈው ገቡ። እልፍነሽ ደግማ ነገረቻቸው። ጉድጓዱን፣ ጠጠሩን፣ ሲሚንቶውን፣ ሁሉንም። የማናሴ ፊት ግን በድንጋጤ ፈንታ ቀዘቀዘ። ይህች ከተማ የቤት ዋጋ በሳምንት የሚጨምርባት ናት፤ እጅ ከተጨባበጠ በኋላ ሰበብ ፈልጎ የሚያፈርስ ሻጭ በየሰፈሩ አለ።

«ሌላ ገዢ መጣ፣ እትዬ?» አለ።

ጋሽ ብዙነህ በሐዘን አዩዋት። «እህቴ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኛ ፊት የለም ብለሻል። ሰይጣን በትርፍ ሲፈትንሽ እጅ አትስጪ።»

ውሸቷን በአንድ ቃል ተቀብለው ነበር፤ እውነቷን በስንት ቃል እንደምትገዛው ጨነቃት። እንባዋ መጣ። አልጠረገችውም። ወደ ጓሮ ወጥታ የዲዳን ዲጂኖ ከተጋደመበት አነሳች፣ በርሜሉን በትከሻዋ ገፍታ ጣለችው፣ ሲሚንቶውን መታችው። ሁለተኛ መምታት አላስፈለጋትም። ልስኑ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገባ፣ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አፈርም ተከትሎት ወረደ። እስከ አፉ የሞላችው ጠጠር አንዱም የለም። ጉድጓዱ ወደ ሳሎኑ ሥር ዞሮ፣ ግድግዳው ባዶ አየር ላይ ቆሟል።

ማናሴ አንድ ድንጋይ አንስቶ ጣለበት። ሁሉም አዳመጡ። ጋሽ ብዙነህ ጆሯቸው ስለደከመ ሳይሰሙት ያለፈ መስሏቸው «ወረደ?» ብለው ጠየቁ። ድንጋዩ ሲያርፍ የሰማ አልነበረም።

ሶፊ ሱሃይላን ታቅፋ ወጣች። በር ላይ ስትደርስ ዞር አለች። አልጮኸችም። «እትዬ፣ የልጆቹን የቀን መኝታ የማነጥፈው እዚያ ጥግ ላይ ነበር እኮ» አለች። እልፍነሽ ቢሰድቧት፣ በቤተ ክርስቲያን ፊት ቢያቆሟት ትችለው ነበር። ይህን ግን አልቻለችውም፤ መሬት መሬት እያየች ቆመች።

ሽያጩ ፈረሰ፤ የሞጆዋንም ቤት ሌላ ሰው ገዛት። እልፍነሽ አልጋዋን አስመልሳ፣ ከሳሎኑ ርቃ ከውጭው በር አጠገብ ባለችው ክፍል ተጠለለች። ሶረቲ «እኔ ጋ ነይ» እያለች ትለምናታለች። እሷም እመጣለሁ ትላለች፣ ግን ቤቱን ለማን ትታው እንደምትሄድ አታውቅም።

ዝናቡ ጋብ ባለ አንድ ረፋድ ደላላው ጫምሳ ባለ ጥቁር መነጽር ሰው ይዞ መጣ። ቤቱን ለመሸጥ ስታስብ የሰጠችው አንድ ቁልፍ አሁንም እሱ ጋ ነበር፤ በጣቱ እያዞረ «እማማ፣ መሐንዲስ ምናምን የማያውቅ ሰው ነው ያመጣሁልዎት» አለ። ሰውዬው ቤቱን በትንንሽ ክፍል ከፋፍሎ ለቀን ሠራተኞች ማከራየት ይፈልጋል። በየክፍሉ ብዙ ሰው ማስተኛት እንደሚቻል በደስታ ነገራት።

እልፍነሽ ሳሎኑን አላሳየችውም። በቀጥታ ወደ ጓሮ ወስዳ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ አቆመችው። የምታውቀውን ሁሉ ነገረችው፤ በዚህ ጊዜ አንዲት ነገር አላስቀረችም። ሰውዬው መነጽሩን አንስቶ ወደ ታች አየና ፈገግ አለ።

«ይደፈናል፣ እማማ። ሁለት ቢያጆ ጠጠር ነው።»

የዲዳ ድምፅ ነበር፤ የዲዳ ቃል፣ የዲዳ ፈገግታ። እልፍነሽ ለሰውዬው ጀርባዋን ሰጠችው። ከዚያ እጇን ወደ ጫምሳ ዘረጋች።

«ቁልፌን ስጠኝ» አለች።

ጫምሳ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ሰጣት። ሁለቱን ሸኝታ የውጭውን በር ዘጋች። ከቆቃ በኩል ሰማዩ እንደገና ይጠቁር ነበር። ጠጠሩ ግቢው ውስጥ ተቆልሏል፣ ባልዲውም አጠገቡ ነው። በቀረው ክረምት ቤቱን ልታበላበት አንዴም አላነሳችውም።