የዝጋው ደብተር

እውነተኛ ስሙን ልተወውና ሁላችንም በምንጠራው ልጥራው፤ ዝጋው። በሆስፒታላችን ኮምፒውተር ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ ከአፉ የማይጠፋው ቃል ይኸው ነው። ማንም የማይጠቀምበት ፕሮግራም ካየ ዝጋው ነው፤ ጸሐፊዋ ስክሪኗን ክፍት ትታ ሻይ ልትጠጣ ከሄደች ሻይ ቤት ድረስ ተከትሎ ዝጊው ይላታል። እኔ ካርድ ክፍል ነኝ። የበሽተኛው ፋይል ሁሉ በእጄ ስለሚያልፍ ከማንም በላይ የተነዘነዝኩት እኔ ነኝ፤ ባሌ እንኳ እንደዚያ አልጨቀጨቀኝም።

ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነበረው። እሱ እንደሚያስረዳን፣ ሰርቨር የሚባለው፣ የሁላችንም ፋይል የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ብዙ በሮች አሉት። በአንዱ ላቦራቶሪው ውጤት ይልካል፣ በሌላው ፋርማሲው ማዘዣ ይቀበላል። ባለቤት የሌለው በር ደግሞ የሌባ መግቢያ ነው። ስለዚህ በር እንዲከፈትለት የፈለገ ሁሉ ደብተሩ ላይ አራት ዓምድ ይሞላል፤ የትኛው በር፣ ማን ጠየቀ፣ ለምን፣ እስከ መቼ። በአራተኛው ቀልድ አያውቅም። «ለጊዜው» ብሎ የጻፈ ዋናው ሐኪም እንኳ ቢሆን ደብተሩን መልሶ ይዞለት ሄዶ ቀን ያስጽፈዋል። ቀኑ ሲደርስ ማንንም ሳይጠይቅ ይዘጋዋል።

እናቱ የአልጋ ቁራኛ ሆነው ዓመት ከመንፈቅ አስታመማቸው። አላገባም፣ እህት ወንድም የለውም፤ የሚያጥባቸውም የሚያጎርሳቸውም እሱ ነበር። ባረፉ በሳምንቱ ሥራ ገባና ዝጋው ማለቱን ከተወበት ቀጠለ። እኛም ልጁ ጠንካራ ነው ብለን ተውነው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ አንዳችንም እንዴት ነህ ብለን ከልብ አልጠየቅነውም።

ከስምንት ወር በኋላ አንድ ሰኞ ጠዋት የአንዲት ነፍሰ ጡር ካርድ ልከፍት ብሞክር እምቢ አለኝ። የሚቀጥለውም እንደዚያው። ፋይሉን ሁሉ የማናውቀው ሰው ቆልፎት፣ ስክሪኑ ላይ የማስፈራሪያ መልእክት ትቷል። ዝጋው እየሮጠ መጥቶ የኔትወርክ ገመዱን ነቃቀለው። ለብቻው ያስቀመጠው ቅጂ ባይኖር ጉድ ፈልቶ ነበር። ፋይሉ ረቡዕ እስኪመለስ ድረስ በሽተኛውን በወረቀት ስመዘግብ ጣቶቼ ደነዘዙ።

ሌባው በየት ገባ? ሥራ አስኪያጁ መልሱን ለማግኘት ብዙ አልደከመም። ኪቦርዴ ሥር የይለፍ ቃሌን የጻፍኩበት ብጣሽ ወረቀት አገኘ። ጥፋቴ ነው፣ አልክድም። ዝጋው ሁለት ጊዜ አስቀድዶኝ ሦስተኛውን ደብቄ ጻፍኩ። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ የስንብት ደብዳቤዬ እየተዘጋጀ እንደሆነ ሰማሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በሠራሁበት ክፍል፣ ሰው እንዳያየኝ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ።

ሐሙስ ዕለት ተሰበሰብን። ሥራ አስኪያጁ ስለ ወረቀቴ አብራርቶ ሲጨርስ ዝጋው እጁን አወጣ። ሰርቨሩ ማን መቼ እንደገባ ራሱ ይመዘግባል፤ እሱን ሲያነብ ነው የሰነበተው።

«በእሳቸው የይለፍ ቃል የገባ ሌላ ሰው የለም» አለ። «ሌባው የገባው እኔ በከፈትኩት በር ነው።»

ከዚያ ሳያቋርጥ ዘረዘረው። እናቱን ሲያስታምም አንድ ነገር ቢበላሽ ትቷቸው እንዳይወጣ ብሎ፣ ከቤቱ ሆኖ ሰርቨሩን የሚያገኝበት በር ከፈተ። በአንድ እጁ እሳቸውን ደግፎ በሌላው ስልክ ላይ ስለሚጽፍ የይለፍ ቃሉን አጭርና ቀላል አደረገው። ሌባው ቀናት ሙሉ ሲገምት ቆይቶ አገኘው። ያን መዝገብ ማንበብ የሚችል ከእሱ ሌላ በአዳራሹ ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም። ዝም ቢል ኖሮ የምባረረው እኔ ነበርኩ።

የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ተቀብለው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጡት። በማግስቱ ደብተሩን ይዞ ካርድ ክፍል መጣና ይቅርታ ጠየቀኝ። ከተጨነቅኩበት ስገላገል ንዴቱ ገና ያኔ መጣብኝ፤ ሆዴ ውስጥ ላስቀረው አልቻልኩም።

«እኛን ቁም ስቅል እያሳየህ ስታስጽፈን የራስህን ለምን አልጻፍክም?» አልኩት።

ደብተሩን ገልጦ አንድ መስመር አሳየኝ። የበሩ ቁጥር ተጽፏል። ማን ጠየቀ የሚለው ላይ «እኔ»፣ ለምን የሚለው ላይ «እናቴ» ይላል። አራተኛው ዓምድ ባዶ ነው።

«እዚህ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ፣ እትዬ?» አለኝ። «ያኔ ቀኑን መጻፍ አቃተኝ። ካረፈች በኋላ ደግሞ መዝጋቱ አቃተኝ።»

ሰው እንዳይገባብን በሩን ገፋ አድርጌ፣ ከኪሴ ብዕር አውጥቼ ሰጠሁት። ደብተሩን ያዝኩለት፤ ባዶው ዓምድ ላይ እናቱ ያረፉበትን ቀን ጻፈ።