ለአምስት ሰው የተሠራ ሽሮ

ሞኝነቴን ተናግሬ ልጀምር፦ እኔ ሽሮ መሥራት የተማርኩት ከአገር የወጣሁ ዕለት ማታ ነው። ዕድሜዬ አርባን ዘሎ፣ ሻንጣ ተዘግቶ፣ ጎረቤት ሳሎን ሞልቶ ሲያለቅስ፣ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሚስቴን «ጥሩዬ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ሽንኩርቱ ነው ዘይቱ?» እላለሁ። እያለቀሰች ትስቅ ይሁን እየሳቀች ታለቅስ፣ እስካሁን አልለየልኝም።

ብቻ አሳየችኝ። ውሃው በዚህ ኩባያ ይሄን ያህል፣ ሽሮው በዚህ ማንኪያ ይሄን ያህል። ልኩ ለአምስት ሰው ነው፤ ለእኔ፣ ለእሷና ለሦስቱ ልጆቻችን። ሌላ ልክ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኳት። በኔ ቤት፣ ቀድሜ ሄጄ ወረቀት አወጣና ሁሉንም አስከትላለሁ፤ በዓመቱ ሮም ላይ አንድ ገበታ እንቀርባለን።

ሮም ገብቼ ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር ሲኞራ ፒና የሚባሉ ባልቴት ቤት አንድ ክፍል ተከራየሁ። ወጥ ቤቱ የጋራ ነው። ቀን የሰው ደረጃ ስጠርግ እውልና ማታ ያችን የተማርኳትን እሠራለሁ፤ ለአምስት ሰው። ብቻዬን ነኝ እኮ! ግን ማሳነሱ አልሆነልኝም። እኛ ሰፈር በትንሽ ድስት የሚሠራለት የታመመ ሰው ነው። ደሞስ ሰው ቢመጣ? አዲስ አበባ ጎረቤት በር ሳያንኳኳ ገብቶ «ምን ሠርታችኋል?» ይላል። እዚህ ሊጠይቅህ የፈለገ በስልክ ቀጠሮ ይይዝና በስልክ ይሰርዛል።

እናም ሁለት ቀን እበላለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ሽሮው ይኮመጥጣል። የሐበሻ ሱቅ ካለበት ከቪያ ቮልቱርኖ ተሸክሜ ያመጣሁት እንጀራም አረንጓዴ ጢም ያበቅላል። ምግብ መድፋት ነውር እንደሆነ አውቃለሁና በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ግራ ቀኝ አይቼ፣ ኡሚዶ ውስጥ እከተዋለሁ። ኡሚዶ የሚሉት የምግብ ትራፊ ለብቻው የሚጣልበትን ከረጢት ነው።

አንድ ጠዋት ሲኞራ ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ።

«ስንት ናችሁ?»

«እንዴት ሲኞራ?»

«ክፍልህ ውስጥ። ስንት ሰው ደብቀሃል?»

«ኧረ ብቻዬን ነኝ!»

«ውሸታም። እኔ ባልና አራት ልጅ ቀልቤአለሁ። ይሄ የአንድ ሰው ትራፊ አይደለም።»

ፍተሻ ገቡ። ቁም ሳጥኑን ከፈቱ፣ መጋረጃውን ገለጡ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ተንበርክከው አልጋ ሥር አዩ። ያገኙት አንድ እግር ካልሲ ነው።

«ይሄስ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ሌላኛውስ?»

«የተደበቀው እሱ ነው፤ ካገኙት ይንገሩኝ።»

አልሳቁም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና «አሎራ፣ ታዲያ ለማን ነው የምትሠራው?» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ የሚስቴንና የልጆቼን ፎቶ አሳየኋቸው። «ለነዚህ። እየመጡ ነው» አልኩ። አይተው አይተው፣ «እስኪመጡ ግን እያበላሸህ አትጠብቃቸው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪያቸው ሆንኩ። የካሮት ልጣጭና የሽንኩርት ጭራ ቀቅለው መረቅ ያወጣሉ። የደረቀ ዳቦ ዘፍዝፈው፣ እንቁላል መትተው፣ ድቡልቡል አድርገው ይጠብሳሉ። ሽሮዬን በባዶ የእርጎ ዕቃ ከፋፍዬ በረዶ ቤት እንዳስገባ አደረጉኝ። እኔም በተራዬ ላስተምር ብዬ የተረፈ እንጀራ ቆራርሼ ለድርቆሽ ማሞቂያው ላይ አሰጣሁ። መጥተው በሁለት ጣታቸው አነሱት። «ይሄ ምንድነው፣ ምንጣፍ?» «ምግብ ነው ሲኞራ።» «ከካልሲህ አጠገብ?» በማግስቱ በበርበሬና በዘይት ፈርፍሬ ስሰጣቸው ግን ሰሃኑን ጠረጉት።

መጣል ቀነሰ። ድስቷን ግን አላሳነስኩም። ገበያ ሲወስዱኝ «ትንሽ ድስት ግዛ» ይሉኛል፣ እኔ ደሞ ቀልድ ፈጥሬ አመልጣለሁ። ትንሽ ድስት መግዛት «አይመጡም» ብሎ መፈረም መስሎ ይታየኝ ነበር።

ቤተሰብ ለማምጣት የኢሚግሬሽን ቢሮው የሚበቃ ቤትና የሚበቃ ደሞዝ ይጠይቃል። ቤቱ ሲገኝ ደሞዙ ያንሳል፤ ደሞዙ ሲሞላ ባለቤቱ ቤቱን ለሌላ ሰጥቷል። ዓመታት ሄዱ። በመጨረሻ ሁለቱም ሞልተውልኝ ከረባት አስሬ ቢሮ ቀረብኩ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣

«ትልቋ ልጅዎ ማጆሬኔ ናት። ዐሥራ ስምንት ሞልቷታል፤ በቤተሰብ አትመጣም» አለችኝ።

«መቼ ነው የሞላት?»

«ባለፈው ወር።»

«ማንም አልነገረኝም እኮ!»

«ሲኞሬ፣ አባቷ እርስዎ ነዎት። እኔ ልንገርዎት እንዴ?»

እውነቷን ነው። ልደቷን በስልክ ዘፍኜላታለሁ። እኔ ጭንቅላት ውስጥ ግን ልጅቷ የፊት ጥርሷ እንደወለቀ ቀርታለች።

ለሚስቴ ለጥሩወርቅ ስነግራት ብዙ አላሰበችም። «ሁለቱን ይዤ መጥቼ እሷን ለማን ልተዋት? አልመጣም። እሷን ትቼ አልመጣም» አለች። እኔም ብሆን አልተዋትም ልል ነበር፤ ግን እኔ ትቻት የመጣሁ ሰው ነኝ።

ሲኞራ ፊቴን አዩት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ለራሳቸው ሾርባ የሚያሞቁባትን ትንሿን ድስት አምጥተው ምድጃው ላይ አስቀመጡልኝ። ሠራሁባት። ቡን ቡን አለች፣ በሰለች፣ በላኋት፣ አለቀች። ቂጧን በእንጀራ ጠረግኩ። ጠዋት ሲኞራ ኡሚዶውን ከፍተው ባዶ ሆኖ ሲያገኙት «ብራቮ!» አሉኝ። እንደዚያ የሚያም ብራቮ ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ ለጥሩወርቅ ደወልኩ። እንድትስቅልኝ ነበር። «ጎበዝ ሆኜልሻለሁ፤ አሁን የምሠራው ለራሴ ብቻ ነው፣ ፍርፋሪ አልደፋም» አልኳት። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ? ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አለችኝ። «እኔ እኮ ከሄድክ ጀምሮ ማታ ማታ ያንተን ድርሻ በሰሃን ከድኜ አስቀምጥልህ ነበር። ጠዋት ልጆቹ ሳይነሱ አውጥቼ እደፋው ነበር። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ተውኩት። ምግብ አይደል፣ ነውር ነው።»