ሳያስጠነቅቅ አይነክስም

በቀቀኑ መጀመሪያ የነከሰኝ ወንድሜ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ነው። የቀኝ እጄን ሌባ ጣት፣ ጥፍሩ ሥር። ጮህኩ፤ እጄን መንጭቄ ሳብኩ። በቀቀኑ ጣቴ ላይ ተንጠልጥሎ መጣና ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩ ለቀስተኞች ሳቁ። ለቅሶ ላይ ተቀምጠው ሳቁ። ያን ሳቅ እስካሁን ይቅር አላልኩም።

በቀቀኑ የወንድሜ ነበር። ወንድሜ ሮቤ ውስጥ አናጢ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሪራ ከምትባል መንደር ወዲያ ለአንድ ሰው በርና መስኮት ሊገጥም ሄዶ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ መንገድ ዳር የወደቀ አረንጓዴ ወፍ አገኘ። ጭንቅላቱ ብቻ ቢጫ ነው። አንድ ክንፉ ተሰብሯል። በሹራቡ ጠቅልሎ የሳነቴን ተራራ ብርድ አሻገረው። ክንፉ ዳነ፣ ግን ጠማማ ሆኖ ዳነ። መብረር አይችልም። ከወንበር ልውረድ ሲል እንኳ ይወድቃል።

ከወንድሜ ጋር በምንቁሩ ይጫወት ነበር። ጣቱን ያላምጣል፣ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል፣ ጆሮውን ይቆነጥራል። ጠበቅ ሲያደርግ ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቀስ" ይለዋል። ቀስ ይላል። እኔ ያን እያየሁ ለማዳ ወፍ ለማንም ለማዳ ነው ብዬ አስብ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ስለ አሟሟቱ መጻፍ ይከብደኛል። አንጀቱ ታጠፈ። ጎባ ሐኪም ቤት ሲደርስ ረፍዶ ነበር። በቃ። እኔ አጋርፋ ሥልጠና ላይ ነበርኩ። ስደውል "ትንሽ አሞታል" አሉኝ። በማግስቱ ስደውል "ተኝቷል" አሉኝ። ተኝቷል! ያን ጊዜ ሞቶ ነበር። ከተቀበረ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ የማደሪያችንን በር አንኳኩ፤ መርዶ። እንዳልደነግጥ ነው አሉ። ፊቱን አላየሁም። አፈር አላለበስኩትም። ልማዱ እንደዚህ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለሌላ ሰው እኔም እንዲሁ አድርጌያለሁ። ቢሆንም ያረዱኝን ሁሉ ጠላሁ። ልማዱንም ጠላሁ።

ቤት ስደርስ ወፉን ለቀስተኛ ተከቦ አገኘሁት። በሽቦ የተሠራ ቤቱ ውስጥ ጭራሮ ይሰዱበታል።

"ተናገር እንጂ! በቀቀን አይደለህም?"

"አማርኛ አይችል ይሆናል። የሐረና ልጅ ነው፣ በኦሮምኛ ሞክረው።"

"አካም ጂርታ፣ ጎፍታ!"

ወፉ አይናገርም። ማፏጨት ብቻ ነው የሚያውቀው። ጭራሮውን ሰበረው። ቀጥሎ ጣት ላኩ፤ ጣቱንም ነከሰ። ከዚያ እኔ ከመሐላቸው ላወጣው እጄን አስገባሁና ያልኳችሁ ሆነ።

ጎባ የሚኖረው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ በሰልስቱ ማግስት ፍርድ ሰጠ። "በአርባው ካህናት ይመጣሉ፣ ሕፃን የያዘ ይመጣል። ይሄ ጣት ቆራጭ እዚህ ሆኖ አይቀበላቸውም።" አንድ ጎረቤት የምንቁሩን ጫፍ በፒንሳ ቀንጠብ ማድረግ ነው አለ። እኔ ያንተን ጥርስ በፒንሳ ብነቅልስ አልኩት። እናቴ "ተው" አለችኝ። በመጨረሻ እስከ አርባው ጊዜ ሰጡኝ። ሰው መንከስ ካቆመ ይቀመጣል። ካላቆመ ይሄዳል። የት እንደሚሄድ አልተናገሩም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያደረግሁትን ስጽፍ አፍራለሁ። ሲነክሰኝ ጮህኩበት። ምንቁሩን በጣቴ መታሁት። ፊቱ ላይ ውኃ ረጨሁ። አንድ ቀን ካልሲ በእጄ አጥልቄ በግድ ጨምድጄ ያዝኩት፤ ልቡ መዳፌ ውስጥ ይመታ ነበር፤ አለቀቅሁትም። "አንተ ነህ ያለኸው፣ እሱ የለም፣ አንተ ለምን አለህ?" አልኩት። ከዚያ በኋላ እጄን ገና ከሩቅ ሲያይ ላባውን ይነፋ ጀመር።

ከብት የሚያክም አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በሰፈራችን ተከራይቶ ይኖራል፤ የጎጃም ሰው ነው። ስለ ፒንሳው ጠየቅሁት።

"ምንቁር ቀንድ መሰለህ? ውስጡ ሥጋና ደም አለው። እንዳትነካው።"

"ታዲያ ምን ላድርገው?"

"እኔ በቀቀን አላውቅም። ፈረስ ግን አውቃለሁ። እናንተ ባሌዎችም ታውቃላችሁ። ፈረስ ሳያስጠነቅቅ ይራገጣል?"

"ጆሮውን ይጥላል።"

"ይሄስ ምኑን ይጥላል?"

"ጆሮ የለውም።"

"እንግዲህ ጆሮውን ፈልግለት!" ብሎ ሳቀብኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ግን ቤት ገብቼ ወንበር ይዤ ከሽቦው ፊት ተቀመጥኩ። እጄን ሳላስገባ። ሁለት ቀን አየሁት።

ጆሮ አለው። ከመንከሱ በፊት የዓይኑ ብሌን ትጠብባለች፣ ትሰፋለች፣ ትጠብባለች። የማጅራቱ ላባ ይቆማል። ጭራው ይዘረጋል። ሰውነቱ ድርቅ ይላል። ይሄን ሁሉ ሲያደርግ እጄን የምሰድለት እኔ ነበርኩ። ሌላም አየሁ። ከእንጨት ወደ እንጨት ሲሻገር መጀመሪያ በምንቁሩ ይይዛል፣ ጫን ብሎ ይፈትሻል፣ ከዚያ ነው እግሩን የሚያነሳው። ምንቁሩ እጁ ነው። ጣቴ ላይ ሊወጣ ሲፈትሸኝ ነከሰኝ ብዬ እሸሽ ነበር። ቅርንጫፉ የሸሸበት ምን ያድርግ? እንዳይወድቅ አጥብቆ ይይዛል።

ወንድሜ በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ የባሕር ዛፍ ቁራጭ ያመጣለት እንደነበርም ትዝ አለኝ። ሲቦጫጭቀው ይውላል። ከሞተ ወዲህ እንጨት የሰጠው ሰው የለም። ምንቁሩ ሥራ ፈትቶ ነው የሰነበተው። ከወንድሜ የእንጨት ሥራ ቤት አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቁራጭ አመጣሁለት።

ከዚያ ዓይኑን ሳላይ እጄን አልሰጥም ነበር። ላባው ቆሞ ከሆነ እተወዋለሁ። ተኝቶ ከሆነ ጣቴን ደረቱ አጠገብ አቀርብና እንደ ግንድ ዝም እላለሁ። ሲጨምቀኝ "ቀስ" እላለሁ። ካልተወ ሳልጮህ መሬት ላይ አስቀምጬ ፊቴን አዞራለሁ። ተመልሶ በእግሩ ይመጣል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልነከሰኝም። አርባው አምስት ቀን ሲቀረው አሸንፌያለሁ ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ስለ ተዝካሩ ካህኑን እንዳነጋግር ላከችኝ። ስመለስ የሽቦው በር ተከፍቷል።

"የት ሄደ?"

እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና አላለችም። "አጎትህ ወደ ጫካው ሊመልሰው ወሰደው። አገሩ ይሻለዋል። እንዳትከፋ ብለን ነው ሳንነግርህ…"

አላስጨረስኳትም። እናቴ ላይ ምን እንደተናገርኩ አልጽፍም። ሮጬ ወጣሁ። የጎባው ታክሲ ውስጥ ጥርሴን ነክሼ ሳለቅስ አጠገቤ ያለው ሰው ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ።

ጎባ መናኸሪያ፣ በሐረና የሚያልፈው የዶሎ መናው መኪና ለመሙላት ሁለት ሰው ቀርቶታል። አጎቴ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ በሲባጎ የታሰረ የብስኩት ካርቶን፤ እጁ ላይ ደም የነካው መሐረብ።

"ይውረዱ፣ ጋሼ።"

"ምን ልትሠራ መጣህ? ዘመዶቹ ዘንድ ላደርሰው ነው።"

"በምን ይድረስባቸው? በእግሩ? መብረር እንደማይችል ያውቃሉ!"

"ማል ታኤ? ምን ሆኑ?" አለች ከኋላ ያለች ሴትዮ።

ረዳቱ አንገቱን አስገባ። "ዶሮ ነው እንዴ? ለአንድ ዶሮ ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?"

"ዶሮማ ቢሆን አብረን በልተን በታረቅን!" አለ ሌላው። መኪናው ሙሉ ሳቀ።

"የወንድሜ ነው! ከሞተ አርባ ቀን አልሞላውም!" ብዬ ጮህኩ። ሴትዮዋ የአጎቴን ትከሻ ገፋ አደረገች። "ውረዱ፣ ኦቦ። ልጁን አዳምጡት።"

ወረደ። ግድግዳው ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ወፉ ካርቶኑ ውስጥ ይቧጥጣል። አጎቴ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ ነገረኝ።

"ንክሻው አይደለም። እሱ ሰበብ ነው። አመሻሽ ላይ ያፏጫል አይደል? ወንድምህ ከሥራ በሚገባበት ሰዓት። ያፏጨ ቁጥር እናትህ ተነስታ በር ትከፍታለች። በየቀኑ። አልቻልኩም፣ ልሞት ነው፣ ውሰድልኝ አለችኝ።"

ፉጨቱን ሰምቻለሁ። በሩ ሲከፈትም ሰምቻለሁ። ንፋስ ለማስገባት ይመስለኝ ነበር። የወፉን ላባ ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ ያየሁ ሰው የእናቴን ፊት አላየሁም። ተናደድኩ፤ ግን አሁን በማን ላይ እንደሆነ አላወቅሁትም።

"ለምን አልነገረችኝም?"

"ላንተ? አፍ የከፈተውን ሁሉ ትነክስ የለ እንዴ።"

ወደ ሮቤ ብመልሰው እናቴ በር ትከፍታለች። መኪናው ላይ ብሰቅለው ሐረና ውስጥ አንድ ቀን አያድርም። እኔ አጋርፋ መመለሴ አይቀርም።

"እርስዎ ቤት ይቀመጣል" አልኩ።

"ማን? እኔ ቤት? ጣቴን ሊጨርስ?"

"ብቻዎን ነው የሚኖሩት። ሊገድሉት ወስደውታል፤ አሁን ያኖሩታል።" ለአጎቴ እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ቁጣዬ ገና አልበረደም። ካርቶኑን ይዤ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመርኩ። እያጉረመረመ ተከተለኝ።

ቤቱ በሩን ዘግተን ካርቶኑን ወለል ላይ ከፈትኩ። ወፉ ጥግ ላይ ተነፍቶ ቆሟል፤ ዓይኑ ይጠብባል፣ ይሰፋል። አጎቴ እጁን ሊሰድ ሲል መታ አድርጌ መለስኩበት። ጠበቅን። ውጪ ጋሪ አለፈ። ብዙ ቆይቶ ላባው ተኛ፣ አንገቱን አወጣ።

"አሁን። ጣትዎን ደረቱ ጋ ያቅርቡ። አያንቀሳቅሱ።"

አጎቴ ያልታሰረውን እጁን አቀረበ። ወፉ ምንቁሩን ከፍቶ ጣቱን ያዘ፣ ጫን አለ።

"እየነከሰኝ ነው!"

"እየነከሰዎት አይደለም። ይችለኝ ይሆን እያለ ነው። እንዳይሸሹበት!"

"ልጄ፣ ያማል…"

"ይመም! ዝም ይበሉ!"

አጎቴ ዓይኑን ጨፈነ። ጣቱን ግን አልሳበም። ወፉ አንድ እግሩን አነሳ፣ ቆም አለ፣ ሌላውንም ጨመረ።