የዘይቱና ጥርስና የአያ እንድሪስ ቆሎ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ረሂማ ደግሞ ተጠራጥሬ የኖርኩ ሴት ነኝ። በደርግ ዘመን ደሴ ላይ ግድግዳውም ጆሮ ነበረው፤ እንኳን ሰው ጥላዬንም አላምን። በእህቴ ልጅ በዘይቱና ነገርማ ባሰብኝ።

ዘይቱና በአራት ዓመቷ መንጋጋዋ ላይ እብጠት ወጣባት። አባቷ አዲስ አበባ ወሰዳት፤ ነቀርሳ ነው ተባለ። የፈረንጅ መድኃኒት በመርፌ ሲሰጧት ከርመው ጸጉሯ ረግፎ፣ ከስታ፣ ግን በነፍሷ መጣችልን፤ አልሐምዱሊላህ። ጸጉሯ ተመለሰ። የወተት ጥርሶቿ ሲወልቁ ግን የተተኩት እንደ ሩዝ ፍሬ የደቀቁ ሆኑ። አንዳንዶቹ ጭራሽ አልበቀሉም፤ የበቀሉትም ይነቃነቃሉ።

ደሴ አንድ የኩባ የጥርስ ሐኪም ነበር። አፏን አየና በአስተርጓሚ «በልጅነቷ ከባድ መድኃኒት ወስዳለች?» አለኝ። ማን ነገረው? «ኧረ በጭራሽ!» ብዬ ልጄን ጎትቼ ወጣሁ። ነቀርሳ ከተሰማ ማን ያገባታል? ለጠየቀን ሁሉ «ከዛፍ ወድቃ ነው» አልን። እሷም ስትስቅ አፏን በሻሿ መሸፈን ለመደች።

አድጋ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገባች፤ እዚያ በሺር የሚባል ልጅ ወደዳት። እሷም «ካለ እሱ ኑሮ የለኝም» አለች። አባቱ አያ እንድሪስ እሱንና ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። የከብት ነጋዴ ናቸው፤ ጥርስ ሳያዩ ጊደር ገዝተው አያውቁም።

እኔ ለስላሳ ለስላሳውን ምግብ አቀረብኩ። እሳቸው ከኪሳቸው የሽምብራ ቆሎ አውጥተው «እንኪ ልጄ፣ ቆርጥሚ» አሏት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ዘይቱና ቆሎውን ጉንጯ ውስጥ ያዘችው። ሰውየው ጆሯቸውን አቅንተው ጠበቁ፤ የተቆረጠመ ነገር አልተሰማም።

«ሃያ ዓመቷ ነው አላላችሁም?» አሉኝ። «ጥርሷ ያለቀ ላም ጊደር ናት ተብላ ትሸጣለች?»

«ልጄን ከላም!» ብዬ ተነሳሁ። «ከዛፍ ወድቃ ነው፣ ወላሂ!» አላህ ይቅር ይበለኝ።

ቆሎውን ወደ አፏ ስትከት ጥርሶቿን አይተው ኖሮ «ከዛፍ የወደቀ ሰው ጥርሱ ይሰበራል እንጂ አያንስም» አሉና ዱላቸውን አነሱ። በሺር አንገቱን ደፋ። አለቀልን አልኩ።

ያኔ ዘይቱና ቆሎውን መዳፏ ላይ ተፋችው። «አባባ፣ አልወደቅሁም። በአራት ዓመቴ መንጋጋዬ ላይ ነቀርሳ ወጥቶብኝ ነበር። ያዳነኝ መድኃኒት ገና ድዴ ውስጥ የነበሩትን ጥርሶች አቀጨጫቸው። አክስቴ ሳታውቅ ተመልሼ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አያ እንድሪስ አልሄዱም። «በየትኛው ጎን ነበር?» አሉ።

«በግራ።»

ደግሞ ምን ሊያመጡ ነው ብዬ በጎሪጥ አየኋቸው። ዱላቸውን አስቀምጠው ቁጭ አሉ። «የኔም ልጅ የጣይባ እብጠት በግራዋ ነበር። ወጌሻ ጋ ወስጄ አሳሸኋት። ዓመት ሳይሞላ ቀበርኳት።»

ከዚያ «እስቲ ልጄ፣ አፍሽን ክፈቺልኝ» አሏት። እኔ እምቢ በይ ልል ነበር፤ እሷ ግን ከፈተችላቸው። እያንዳንዷን ጥርስ እያዩ ብዙ ቆዩ። እንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርዳል። ቆሎውን ከመዳፏ ለቅመው ኪሳቸው ከተቱና ወደኔ ዞሩ።

«ኒካሁ ለጁምዓ ይሁን» አሉኝ። «ጣይባዬ ድና ብትኖር በእንዲህ ያለ ጥርስ ነበር የምትስቀው።»