ያልቀነስኳቸው አስር ሰዓቶች

ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ረቡዕ፣ አስር ሰዓት የሚያህል ስህተት ሠራሁ። ልጄ ለዘመድ ሁሉ ደውላ ስላወራችው መደበቁ አያዋጣኝም።

ታላቅ እህቴ በሰባ ስምንት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፍራ ከአዲስ አበባ ሳን ፍራንሲስኮ ትመጣለች። መንገዱ አስራ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መሃል ላይ ከምትቆይበት ጋር ሃያ አራት ሰዓት። «የኤርፖርቱን ነገር ለእኔ ተዉት» አልኩ፤ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝ። ማክሰኞ ማታ በአራት ሰዓት ተነሳች፤ ሃያ አራት ስደምርበት ረቡዕ ማታ አራት ሰዓት። የሁለቱን አገር የሰዓት ልዩነት መቀነስ እንዳለበት ለስንቱ ተሳፋሪ አስረድቻለሁ መሰላችሁ!

ረቡዕ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሳን ሊያንድሮ ከተማ፣ ቤቴ ደጅ ላይ ሱሪዬን ሰብስቤ ለእንግዳዋ ክብር መኪና አጥባለሁ። ልጄ ከኦክላንድ ከሥራዋ ደወለች።

«ዳዲ፣ የት ነህ? አክስቴ ላንድ ካደረገች ዋን አወር ሆኗታል! አንዲት ሴትዮ ናት የደወለችልኝ!»

ሳሙናውን ሳላለቅልቅ ተነሳሁ። እህቴ ስኳር አለባት፤ ስልኳ እዚህ አይሠራም። ያልገባትን ነገር ሁሉ ደግሞ በትህትና «እሺ» ትላለች፤ በዚያ እሺታዋ ሎስ አንጀለስ ልትደርስ ትችላለች። ሴትዮዋ ጥላት ብትሄድስ? ራሷን ስታ ብትወድቅስ? ወደ ኤርፖርቱ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ መኪናው ሁሉ ተገትሯል። እሷ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ፣ የእኔ ሃያ ማይል አላልቅ አለ። ሳሙናው መስታወቱ ላይ ደርቋል።

ስደርስ እህቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ስኳሯ እንዳይወርድ ጭማቂ ይዛላታለች። አዲስ አበባ ሰልፍ ላይ የእህቴ ልጅ «እናቴን አደራ» ብሎ የልጄን ስልክ ቁጥር የሰጣት፣ ከዚያ በፊት ማናችንንም አይታ የማታውቅ ሰው ናት። ሴትዮዋን ወደ ሳን ሆዜ ሊወስዳት የመጣው ሰው ጠብቆ ጠብቆ ሄዷል።

«አደራው እስከ መውጫው በር መስሎኝ ነበር ጋሼ» አለችኝ፤ «ለካ እስከ እርስዎ ነው።»

እህቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንተ! እኔ ከአዲስ አበባ ስደርስ አንተ ከጓሮህ መምጣት አቃተህ?»

ሁለቱንም ጫንኩና ወደ ሳን ሆዜ ነዳሁ። የሴትዮዋ ስልክ እኛን ስትፈልግ ባትሪው አልቋል፤ አዲስ አበባ ያሉት እናቷ ግን «ገባሁ» እስክትላቸው እንቅልፍ የላቸውም። በእኔ ስልክ ደወለች። ትንሽ ቆይታ «ሊያመሰግኑዎት ነው» ብላ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ልጄን በሰዓቱ ደርሰው የተቀበሉልኝ እርስዎ ነዎት?» አሉ እናትየው። «ዕድሜ ከጤና ይስጥዎ! ጠባቂ አያሳጣዎ! እንግዳዎን በደስታ ያስተናግዱ!»

እህቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። ሴትዮዋ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ሳቋን ዋጠች። እኔ፣ ሽማግሌው፣ በሙሉ ድምፄ «አሜን» አልኩ።

የእናትየው ቁጥር አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ያ ምርቃት የሚገባው ለልጃቸው ነበር፤ እስካሁን አልመለስኩላትም።